ትንሿ ካሜራ በእጅ ስትመዘን

ካሜራ ሊገዛ ያሰበ ሰው ዛሬ መረጃ አያጣም። ክብደቱ በግራም፣ የሴንሰሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ የባትሪው ጉልበት በፎቶ ብዛት ተጽፎ ይገኛል፤ ናሙና ፎቶውም ቪዲዮውም ሞልቷል። ይህ ሁሉ ተነቦና ታይቶ ሲያበቃ ግን አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል፤ ይህ ዕቃ በእኔ እጅ፣ በእኔ ሥራ ላይ ምን ይሆናል? ስለዚህ ብዙዎች ከጓደኛ ተውሰው ወይም ተከራይተው ጥቂት ቀን ይዘውት ሳይውሉ ገንዘባቸውን ማውጣት አይፈልጉም። ሌሎች ደግሞ እንዲህ ያለው አጭር ሙከራ የሚያሳየው የመጀመሪያ ቀን ስሜትን ብቻ ነው፣ ውሳኔን ያዛባል እንጂ አያቀናም ይላሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። እኔ ነገሩን በጅምላ ከማውራት በአንዲት ካሜራ ላይ አድርጌ ባየው ይሻለኛል፤ ትንሿን የካኖን ባለ መስተዋት ካሜራ (ዲኤስኤልአር) 250ዲን።

ካኖን 250ዲን ያወጣት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ታላቋ 100ዲ በ2013 ስትወጣ ኩባንያው በዓለም ትንሿና ቀላሏ ዲኤስኤልአር ብሎ አስተዋውቋት ነበር፤ በ2017 ደግሞ 200ዲ ተከተለች። 250ዲ ባትሪና ሜሞሪ ካርድ ገብቶባት 449 ግራም ትመዝናለች። ይህችው ካሜራ አሜሪካ ውስጥ ሬብል ኤስኤል3፣ ጃፓን ውስጥ ኪስ ኤክስ10 በሚል ስም ትታወቃለች። አዲስ አበባ ላይ ካሜራ ከዱባይም ከአሜሪካም በሻንጣ ስለሚገባ፣ ገዢው አንዷን ዕቃ በተለያየ ስም አግኝቶ ሁለት ካሜራ የሚያወዳድር ሊመስለው ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅመዋል።

ስለ ትንሽነቷ የሚነገረው ሙገሳ ባዶ አይደለም። ከባድ ካሜራ ቤት ይቀራል፤ ቤት የቀረ ካሜራ ደግሞ ምንም ያህል ቢራቀቅ የልጅን ልደት አያነሳም። ነገር ግን 449 ግራም የሚለው ቁጥር ሌንስን አይጨምርም፤ ያለ ሌንስ ፎቶ የሚያነሳ ደግሞ የለም። አብሯት የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር ያለው ሌንስ 215 ግራም ነው፤ ድምሩ 664 ግራም ይመጣል። በዚህ ፈንታ 125 ግራም ብቻ የሚመዝነው ጠፍጣፋው የ24 ሚሊሜትር ሌንስ ከተገጠመላት በእርግጥም በትንሽ የትከሻ ቦርሳ የምትገባ ካሜራ ትሆናለች። በተቃራኒው ለሰርግ ሥራ የሚፈለገው ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር ያለው፣ አፐርቸሩ (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳው) ኤፍ 2.8 የሆነው የካኖን ሌንስ ሦስተኛው ትውልድ 1,480 ግራም ይመዝናል። ይህን የሚገጥም ሰው የካሜራዋ ቅለት ምንም አያተርፍለትም፤ እንዲያውም ክብደቱ ወደ ፊት እየጎተተ አንጓን ያሰቃያል። ስለዚህ መሞከር ያለበት ወደፊት በብዛት የሚገጠመው ሌንስ ተገጥሞ ነው። የሱቅ ባንኮኒ ላይ ባዶ አካሏን አንሥቶ “ቀላል ናት” ማለት ስለ ግዢው የሚናገረው ነገር የለም።

የእጅን ነገር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ የሙከራ ደጋፊውና ነቃፊው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነውና። ሰፊ መዳፍ ያለው ሰው ካሜራዋን ሲጨብጥ ትንሿ ጣቱ ማረፊያ አጥታ ከሥር ትንጠለጠላለች። በመጀመሪያው ሰዓት ይህ ትልቅ ጉድለት ሆኖ ይታየዋል። ጥቂት ቀን ሲይዛት ግን ጣቱን ከሥር አጥፎ መደገፍ ይለምዳል፣ ቅሬታውም ይረሳል። እዚህ ላይ የሙከራ ነቃፊዎች ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያ ቀን ምቾት ማጣት ብዙ ጊዜ የእንግድነት ምልክት ብቻ ነው። ሌሎች ቅሬታዎች ደግሞ ሳምንት ባለፈ ቁጥር ይብሳሉ። ይህች ካሜራ ያላት የማስተካከያ ጎማ አንድ ብቻ ነው። ሁሉንም በእጁ ማስተካከል የሚፈልግ ሰው ጎማውን ሲያሽከረክር የመዝጊያው ፍጥነት ይቀየርለታል፤ አፐርቸሩን መቀየር ሲፈልግ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ያንኑ ጎማ ማሽከርከር አለበት። ሥራው ባደገና ፍጥነት በተፈለገ መጠን ይህ ያስመርራል እንጂ አይለመድም።

በእኔ አስተያየት የሙከራው ዋና ጥቅም ይህ ነው፤ ልማድ የሚያስተካክለውን ጉድለት ልማድ ከማያስተካክለው መለየት። ካሜራዋን የያዘ ሰው ባስቸገረው ነገር ሁሉ ላይ “ይህ እኔ ስላልለመድኳት ነው ወይስ እሷ ስለማትችል?” ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህን ሳይጠይቅ ያሳለፈው የሙከራ ሳምንት በእርግጥም ሊያሳስተው ይችላል።

በአገራችን ለዚህ የሚሆን ከነጠላ የተሻለ ፈተና አላውቅም። የካሜራ የብርሃን መለኪያ ያነጣጠረበትን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው። ነጭ የሀገር ልብስ የለበሱ ሰዎች ሰብሰብ ብለው ሲቆሙ ፍሬሙን የሚሞላው ነጭ ስለሆነ መለኪያው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ጠይሙ ፊት ደግሞ ዓይኑ እንኳ እስከማይለይ ይጠቁራል። መፍትሔው ይታወቃል፤ በኤክስፖዠር ማካካሻ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ፣ ወይም መለኪያውን ፊት ላይ ብቻ እንዲለካ ማዘዝ፣ በራው (ካሜራው ባላቀነባበረው) ፋይል ማንሳትና በኋላ ማስተካከልም ይረዳል። ጥያቄው ይህን በምን ያህል ፍጥነት ማድረግ ይቻላል የሚለው ነው። በ250ዲ ላይ ማካካሻው ቁልፍ ተይዞ በጎማው የሚደረግ ስለሆነ ለለመደው ሰው አያስቸግርም። ነገር ግን በመስተዋት በኩል የሚመለከት ሰው የሚያየው ዓለሙን እንዳለ ነው፤ ፎቶው ጨልሞ ይውጣ ፈክቶ፣ ካነሳ በኋላ ስክሪኑን ሳያይ አያውቅም።

መስተዋት የሌላቸው፣ ሚረርለስ የሚባሉት አዳዲሶቹ ካሜራዎች ከሁሉ በላይ የሚረቱት በዚህ ነው። በነሱ መመልከቻ ውስጥ የሚታየው ፎቶው የሚሆነው ምስል ነው፤ ፊት ሲጠቁር ገና ከመነሳቱ በፊት ይታያል። ለጀማሪ ይህ እንደ አስተማሪ ነው። 2023 ላይ የወጣችው የካኖን አር50 ባትሪና ካርድ ይዛ 375 ግራም ብቻ ናት፤ ትንሿን ዲኤስኤልአር በራሷ ሜዳ፣ በቅለት ትበልጣታለች። “ለቅለት ብዬ ዲኤስኤልአር ልግዛ” የሚል ሰው ይህን ሰምቶ ቆም ብሎ ቢያስብ ተገቢ ነው።

ለመስተዋቱም ግን የሚነገርለት አለ። በጥምቀት ቀን ጃንሜዳ ላይ፣ በእኩለ ቀን ፀሐይ የካሜራን ስክሪን ለማየት የሞከረ ሁሉ የሚያየው የራሱን ፊት ነጸብራቅ ነው። የመስተዋቱ መመልከቻ ብርሃን ሲበዛ ይበልጥ ይጠራል እንጂ አይደበዝዝም፤ የሚታየውም ኤሌክትሪክ ያልነካው ምስል ነው። ኤሌክትሪክ ባለመንካቱም ባትሪ ይቆጥባል። በካኖን የራሱ መለኪያ 250ዲ በመስተዋቱ ስትጠቀም በአንድ ባትሪ 1,070 ያህል ፎቶ ታነሳለች። አር50 በመመልከቻዋ ስትጠቀም 310 ያህል ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ፣ ወይም ለክብረ በዓል ላሊበላ ወርዶ ባደረ ሰው ላይ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ቁጥሩን እንዳለ የሚቀበል ሞካሪ ግን ይሳሳታል፤ 250ዲ ራሷ በስክሪኗ እያዩ ካነሱባት ወደ 320 ትወርዳለች። ከስልክ የመጣ ሰው ደግሞ ልማዱ ክንዱን ዘርግቶ ስክሪን እያየ ማንሳት ነው። በሙከራው ቀን ራሱን ይታዘብ፤ እጁ ሳያዘው ወደ ስክሪኑ የሚሄድ ከሆነ የሺህ ፎቶ ባትሪ የሚለው ሙገሳ ለሱ አይሠራም፣ መስተዋቱንም በከንቱ ይሸከማል።

መመልከቻው ራሱ አነስተኛ መሆኑም መታወቅ አለበት። በዚህ ደረጃ ያሉ ካሜራዎች ክብደትና ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ከሙሉ ብርጭቆ ፕሪዝም ይልቅ በመስተዋቶች የተሠራ መመልከቻ ነው ያላቸው። የሚያሳየውም የፎቶውን 95 በመቶ ብቻ ነው፤ በዓይን ያልታየ የሰው ክርን ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ከዳር ብቅ ይላል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ይህን ከወረቀት ሊያውቀው አይችልም። ዓይኑን አስጠግቶ አራቱም ማዕዘን ይታየው እንደሆነ ራሱ ማየት አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሞካሪ የማያስተውለው ነው። በዲኤስኤልአር ላይ በመመልከቻው በኩል ስናነሳ ፎከስ የሚያደርገው ከዋናው ሴንሰር የተለየ ሌላ ትንሽ ሴንሰር ነው። የሁለቱ ልኬት ወይም የሌንሱ አሠራር በጥቂቱ ከተዛነፈ ፎከሱ ከዓይን ወደ ጆሮ ይሸሻል። ውድ የሆኑት ካሜራዎች ይህን ከሜኑ ውስጥ ማረም ያስችላሉ፤ 250ዲ አታስችልም። ፈተናው ቀላል ነው። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ተገጥሞ፣ አፐርቸሩ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ የአንድ ሰው ዓይን አንድ ጊዜ በመመልከቻው አንድ ጊዜ በስክሪኑ ይነሳና ሁለቱ ፎቶዎች ተልቀው ይታያሉ። በስክሪኑ ዋናው ሴንሰር ራሱ ስለሚያነጣጥርና ዓይንንም ለይቶ ስለሚይዝ ፎቶው ጥርት ይላል። የመመልከቻው ደጋግሞ ከደበዘዘ ያ ሌንስና ያ ካሜራ አልተስማሙም ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ልማድ አያቀናውም። ይህን የሚገልጥ ሙከራ ኪራዩን ከነትርፉ መለሰ እላለሁ። የ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ በዚህ ካሜራ ላይ የ80 ሚሊሜትር ያህል የሚያጠብ መሆኑም በዚሁ አጋጣሚ ይታያል፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ቡና ላይ የተቀመጠ ቤተሰብን በሙሉ ለማስገባት ግድግዳው ወደ ኋላ ማፈግፈግ አያስችልም።

ስቱዲዮ ላለው ወይም ሊከፍት ላሰበ ሰው ካኖን በ250ዲ ላይ የወሰደው አንድ ውሳኔ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ፍላሽ የሚገጠምበት የላይኛው መቀመጫ መካከል የነበረችውን የብረት መገናኛ አንሥቶታል። በዚያች ነጥብ ብቻ የሚሠሩት ርካሽ ፍላሾችና የስቱዲዮ መብራት ማዘዣዎች በዚህች ካሜራ ላይ አይበሩም። ቀዳሚዋ 200ዲ መገናኛው አላት። አሮጌ ፍላሽ ያለው ሰው ፍላሹን ይዞ ሄዶ አንድ ጊዜ ቢሞክረው በአንድ ደቂቃ መልሱን ያገኛል፤ ካልሞከረው ግን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው። በእኔ ግምት ለስቱዲዮ ሰው ያገለገለች 200ዲ ከአዲሷ ትሻለዋለች፣ ባትሪዋ ወደ 650 ፎቶ ቢያንስም።

ቪዲዮን በአጭሩ ልለፈው። 250ዲ ፎር ኬ ትቀርጻለች፣ የማይክ መሰኪያም ስክሪን መገልበጥም አላት፤ ነገር ግን በፎር ኬ ጊዜ ምስሉን እጅግ ታጠባለች፣ ፈጣኑ የፎከስ ዘዴዋም አይሠራም። በሙሉ ኤችዲ ግን ፎከሷ ጥሩ ነው። አር50 ሳታጠብና ፎከሱን ሳትተው ፎር ኬ ትቀርጻለች። ዋና ሥራው ቪዲዮ ለሆነ ሰው ሁለቱን ለማመዛዘን ሙከራም አያስፈልገው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሙከራ ነቃፊዎች ሌላ ድጋፍ ነው። ጥያቄው ግልጽ ከሆነ ከወረቀት የሚገኘው መልስ ይበቃል። ኪራይም ነጻ አይደለም፤ መያዣ ይጠየቃል፣ ዕቃው ቢወድቅ ዕዳው ትልቅ ነው፣ ለኪራይ የወጣው ገንዘብ ለትርፍ ባትሪ ሊሆን ይችል ነበር። ከዚህ የሚብሰው ግን ጀማሪው ካሜራዋን በአውቶማቲክ አድርጎ ግቢውን፣ አበባውን፣ ድመቱን አንሥቶ ከስልኬ ያን ያህል አትበልጥም ብሎ መመለሱ ነው። የሞከረው ካሜራዋን አልነበረም። ብርሃን በሞላበት ቦታ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠን ነገር ማንሳት ዛሬ ማንኛውም ስልክ ይችላል። ካሜራዋ የምትፈተነው የሚሮጥ ልጅ በማምሻ ብርሃን ሲነሳ፣ ፍላሽ በማይፈቀድበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በጧፍ ብርሃን የቆመ ሰው ሲነሳ ነው። ሥራውን ሳይዝ የሚደረግ ሙከራ ከአለመሞከር የከፋ ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ።

ሰው ካሜራ የሚያገኝበት መንገድም ለሙከራ ያለውን ዕድል ይወስነዋል። አሜሪካ ያለ ወገናችን ብዙ መደብሮች በተወሰነ ቀን ውስጥ ዕቃ መልሰው ስለሚቀበሉ ገዝቶ፣ ይዞ ውሎ፣ ካልተስማማው መመለስ ይችላል። ያው ካሜራ ለአዲስ አበባ ዘመድ በመንገደኛ ሻንጣ ከተላከ በኋላ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ጋራንቲውም በአብዛኛው የሚያገለግለው በተሸጠበት አገር ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለው ሰው ዘመዱን ከማስቸገሩ በፊት ያችኑ ሞዴል እዚሁ ከሠርግ ፎቶ አንሺ ወይም ካሜራ ከሚያከራይ ሰው ፈልጎ ቢይዛት ለሁለቱም ይበጃል። የምታመጣለት እኅቱም “ይኸው ነው የፈለግከው?” ብላ ስትደውል እርግጠኛ ሆኖ ይመልሳል።

ያገለገለ የሚገዛ ከሆነ ሙከራው ሌላ ትርጉም አለው፤ ፍለጋው የዚያችን አንዲት ዕቃ ጤንነት ነው። አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 16 ወይም 22 ዘግቶ፣ ፎከሱን አጥፍቶ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ማንሳት በሴንሰሩ ላይ ያለውን አቧራ ነጥብ በነጥብ ያወጣዋል። አቧራ ይጸዳል፤ ጭረት አይጸዳም። መዝጊያው ስንት ጊዜ እንደሠራ ከኒኮን ካሜራዎች ፎቶ ፋይል ማንበብ ይቻላል፤ የካኖኖቹ ግን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው በልዩ ሶፍትዌር የሚነበቡ ናቸው። ሻጩ ይህን ለማሳየት ካልፈቀደ ዋጋው ምንም ቢረክስ እኔ እተወዋለሁ።

ኒኮንን ካነሳሁ ዲ3500ን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። 2018 ላይ የወጣች፣ በባዶዋ 365 ግራም የሆነች፣ በአንድ ባትሪ 1,550 ፎቶ የምታነሳ ካሜራ ናት። ፎቶ ብቻ ለሚፈልግ፣ ገና ለሚማር ሰው ከ250ዲ ባታንስ ነው። ስክሪኗ ግን አይገለበጥም፣ በጣትም አይታዘዝም፣ የማይክ መሰኪያም የላትም። የፎከስ ሞተርም በውስጧ ስለሌለ ቤት ያለ አሮጌ የኒኮን ሌንስ ሞተር ከሌለው በእጅ ካልሆነ ፎከስ አያደርግባትም። የአባቱን ሌንስ የወረሰ ሰው ሌንሱን ይዞ ሄዶ ይሞክር።

በዚህ ሁሉ ላይ የዘመኑ ነገር አለ። ሁለቱም ኩባንያዎች ጉልበታቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። “የሚሞት ዘር ለምን እገዛለሁ?” የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም የ250ዲ ሌንሶች በአስማሚ ቀለበት አማካይነት በአዳዲሶቹ የካኖን ካሜራዎች ላይ ፎከሳቸውን ሳያጡ ይሠራሉ፤ ዛሬ የተገዛ ሌንስ ነገ አይጣልም። ገበያውም በሽግግር ላይ ስለሆነ ያገለገሉ ዲኤስኤልአሮችና ሌንሶች በብዛት ይገኛሉ። የሚያስተምረው ጎረቤት፣ የሚጠግነው ባለሙያ፣ የሚያውሰው ጓደኛም ዛሬ በእጁ ያለው በአብዛኛው ዲኤስኤልአር ነው። አዲስ ለመግዛት አቅሙ ያለውን ሰው ወደ አር50 እልከዋለሁ። ባለው ገንዘብ ካሜራና አንድ ጥሩ ሌንስ አብሮ ማግኘት ያለበትን ደግሞ ያገለገለች ትንሽ ዲኤስኤልአርና የ50 ሚሊሜትር ሌንስ እንዲይዝ ሳልፈራ እመክረዋለሁ።

ካሜራዋ ለባለቤቷ ከመመለሷ በፊት አንድ የቀረ ነገር ቢደረግ ደስ ይለኛል። ያንኑ ሰው፣ በዚያው ብርሃን፣ አንድ ጊዜ በካሜራዋ አንድ ጊዜ በራስ ስልክ አንሥቶ ሁለቱንም ፎቶ ቤት ወስዶ በትልቁ ማሳጠብ። የ250ዲ 24.1 ሜጋፒክስል ፎቶ ግማሽ ሜትር በሚሆን ስፋት ሳይሳሳ ይታተማል። በስልክ ስክሪን ላይ የማይለየው የጥልፍ ክር፣ የሽበት ፀጉር፣ የዓይን ብርሃን በወረቀቱ ላይ ይለያል። ሁለቱን ሕትመቶች ስም ሳይጻፍባቸው ለቤተሰቡ ማሳየትና የትኛው ግድግዳ ላይ ይሰቀል ብሎ መጠየቅ ነው። የስልኩን ከመረጡ፣ ወይም ልዩነቱ ካልታያቸው፣ ካሜራ መግዛቱን ለሌላ ዓመት ማቆየት ምንም ነውር የለውም።